ሦስት እርምጃ ሄጄ ዞርኩ

ድሬ ውስጥ ዋጋ አልስማማ ሲልህ ዕቃውን አስቀምጠህ ትሄዳለህ። መሄድህ ግን መሄድ አይደለም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስተኛው ላይ ባለሱቁ «ና እሺ፣ ና ውሰደው!» ይልሃል፤ አንተም ተለምኖ እንደሚመለስ ሰው እግርህን እየጎተትክ ትመለሳለህ። ሦስተኛው ላይ ካልጠራህ ወይ የነገረህ ዋጋ እውነተኛ ነው፣ ወይ ሰውዬው መጋላን፣ ገበያችንን፣ አያውቃትም። ይህን ያስተማረኝ አስተማሪ የለም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የቀረውን የተማርኩት የክርና የመርፌ ሳጥን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሱቅ በደረቴ ስዞር ነው። ሕጉ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቶልኛል። ያልሠራልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ኮሪያ ነው።

ለሰው የምናገረው ኮሪያ የሄድኩት ዚፕና ክር ልገዛ ነው እያልኩ ነው። ገዝቻለሁም። ግን ዚፕ የሚገዛ ሰው የደረት ኪሱን በየደቂቃው አይዳብስም። እኔ ኪሴ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ የተሰበረች ብረት ነበረች። የስፌት መኪና የታችኛውን ክር የሚይዝባት ቤት ናት። የእትዬ ናት።

እትዬ ከዚራ ሰፈር ነው ቤታቸው፤ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። በረንዳቸው ላይ የእግር መኪናቸውን ዘርግተው ድሪያ ይሰፋሉ፤ የድሬ ሴት በዚያ ሙቀት የምትለብሰውን ስስ ቀሚስ ማለቴ ነው። ሱቅ በደረቴ ስጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሰዳቢዬም እሳቸው ናቸው። «ይሄ ክር ነው ወይስ የሸረሪት ድር?» ብለው ሳጥኔ ላይ መልሰው ወረወሩልኝ፤ በማግስቱ የተሻለ ይዤ ሄድኩ። ነጋዴ የሆንኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

መኪናቸው አሮጌ ናት፤ ዕቃዋ ገበያ ላይ መጥፋት ከጀመረ ቆየ። ድሮ አንዱ ክፍል ሲሰበር የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠሩ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነበሩ፤ ብረቱን ቆርጠው ከፋብሪካው አስበልጠው ይሠሩት ነበር። እሳቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያለው አስመስሎ የተሠራ ነው። ሁለት ጊዜ ገዝተው ሁለቱም ሳምንት አልሞሉም። የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው በየዓመቱ «እማዬ፣ ነይ እኔ ጋ» ትላቸዋለች። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሥራ አለብኝ።» መኪናዋ ስትቆም መልሱም አብሮ ቆመ። ልጅቷ ለፋሲካ መጥቼ እወስድሻለሁ ብላ ቀን ቆረጠች። ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷ ብቻቸውን ወድቀው ማንም ሳያያቸው ይቀራሉ ብላ ነው። እኔ ግን ያቺን በረንዳ ያለ እሳቸው ማሰብ አልቻልኩም።

ኮሪያ ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ገባሁ። በቆመችው መኪና ፊት ቁጭ ብለው ቁልፍ በእጅ ይተክላሉ።

«እዚያ አገር ብረት አለ አሉ» አሉኝ።

«መኪና የሚሠሩት እነሱ አይደሉ እንዴ?»

«እንግዲህ የሚነዳ መኪና የሠራ ሰው ይቺን ካቃተው እኔም ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው አሉ። ቁጭ ብዬ የጎረቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ላዳምጥ።»

«አብሽሩ እትዬ።»

«አብሽሩ አትበለኝ! እነዚያን ሁለቱንም አብሽሩ ብለህ ነው የሸጥክልኝ።»

ኮሪያ ያረፍኩት አንዲት አሮጊት በሚያከራዩአት ትንሽ ቤት ነው። በር ላይ ጫማ ይወልቃል። እሱ ለመጋላ ልጅ አዲስ አይደለም፤ እኛም እናወልቃለን። ችግሩ ካልሲዬ ነው። ክርና መርፌ ነጋዴ ነኝ ብዬ በስልኬ አስተርጓሚ ተዋውቄ ጫማዬን ሳወልቅ አውራ ጣቴ ወጥቶ ሰላም አላቸው። ሴትዮዋ በማግስቱ ጠዋት አዲስ ካልሲ አመጡልኝ፤ በቀኝ እጃቸው ዘርግተው፣ በግራቸው የቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው። እኛ ለትልቅ ሰው ዕቃ ስንሰጥ እንደምንሰጠው፣ ልክ እንደዚያ። ከአየር ማረፊያው ጀምሮ የያዘኝ ባይተዋርነት ያኔ ለቀቀኝ። ያን ያህል መንገድ በርሬ የመጣሁት ጎረቤት ቤት ነው እንዴ አልኩ።

ወለሉ ከሥር ይሞቃል። እዚያ ላይ ፍራሽ ዘርግተህ ትተኛለህ። በቀትር የቤታችን ሲሚንቶ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው። ልዩነቱ እነሱ ለሙቀቱ ይከፍላሉ።

ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ሴትዮዋ ተነስተው ጎንበስ አሉልኝ። ድሮ የኛ ወታደሮች እዚያ ሄደው ስለተዋጉ ነው፤ ያን አይረሱም። «አያትህም መጥተው ነበር?» አሉኝ በስልኩ በኩል። የኪራይ ቅናሽ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋላሂ። ካልሲያቸውን ለብሼ መዋሸት ግን ከበደኝ። «የኔ አያት ጨው ነጋዴ ነበሩ» አልኩ። አሁንም ጎንበስ አሉልኝ።

ያ አገር ለነጋዴ ልብ ጥሩ አይደለም። አንድ ቡና ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ሴት ስልኳንና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ረስታው ነው ብዬ ተከትያት ልሮጥ ስል እሷ በመስኮት ወዲያ ማዶ ቆማ ታወራለች። ለካስ ቦታ ይዛበት ነው! የአምስት ወር ኪራይ የሚያህል ስልክ ወንበር እንዲጠብቅ ተቀምጧል። እኔ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሌባ ቢመጣ የሚጠረጠረው ማን ነው? እኔ ነኛ! አንድ ሰዓት ሙሉ የሰው ስልክ ስጠብቅ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ተመልሳ ስትመጣ አላመሰገነችኝም። ለምን ታመሰግነኛለች? የምትሰጋው ነገር የለማ።

ሁሉም ሰው ይቸኩላል ደግሞ። እኛ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቅ ዘግተን እስከ ዘጠኝና አሥር እናርፋለን፤ ፀሐዩም እኛም ተስማምተን። እነሱ በዚያ ሰዓት ነው የሚብሳቸው። የኔ ሰውነት ግን የየትኛው አገር ሰባት ሰዓት እንደሆነ ሳይለይ ያሻው ቦታ ላይ ሱቁን ይዘጋል። በባቡር ውስጥ ቆሜ ተኝቻለሁ።

ብረቷን ለአከራዬ ባሳየኋቸው ጊዜ በወረቀት ላይ መንገድ ሳሉልኝ። ያደረሰኝ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ክፍል ሱቆች፤ በየክፍሉ አንድ ቶርኖ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሽማግሌ። መተላለፊያዋ ረጃጅም ሕንፃዎች ከበዋት ተደብቃለች። ጭንቅላቴን እንዳስገባሁ የተቆረጠ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የባቡር ወርክሾፑ በር ሽታ ነው። ልጅ ሆነን ሠራተኞቹ ሲወጡ ከልብሳቸው ላይ የሚመጣው። ዓይኔን ብከድን ከዚራ ዛፍ ሥር የቆምኩ ነበር የሚመስለኝ። ከተሞች የሞተ ሽታ ሌላ አገር ልከው ያስቀምጣሉ መሰለኝ።

ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ሽማግሌ ብረቷን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላበጣት፣ በጥፍሩ ዳበሳት። ከዚያ ካልኩሌተር አንስቶ ዋጋ ጻፈና ወደ እኔ አዞረው። መክፈል የምችለው ዋጋ ነው። ግን የመጀመሪያ ዋጋ የሚከፍል ሰው እናቱ ምን ትላለች? ደረቴን ያዝኩ፣ ፊቴን አጨማደድኩ፣ አጥፍቼ ግማሹን ጻፍኩ። አየው። ራሱን ነቀነቀና የራሱን መልሶ ጻፈ። እኔም ጨርቄን ኪሴ ከትቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ምንም።

አራት ብዬ አላውቅም ነበር፤ አራት አልኩ። አምስት። መታጠፊያው ጋ ደርሼ ጫማዬን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ሰውዬው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነው። ጥግ ላይ ሳንቲም ስትሰጣት በወረቀት ኩባያ ቡና የምትሰጥ ማሽን አለች፤ እሷ ጋ አንድ ቡና ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ። ይጠራኛል ብዬ ጠበቅሁ። ድሬ ቢሆን ይሄኔ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራኝ ነበር። እጄን እንደ ልማዴ ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ።

ጨርቁ ባዶ ነው።

የእትዬን ብረት ጠረጴዛው ላይ ትቻት ነው የወጣሁት! ዋጋ ላስቀንስ ብዬ እሷን ረስቻት መሄዴ። ዕቃውን ጥሎ የሚሄድ ገዢ እንጂ የራሱን ንብረት ጥሎ የሚሄድ ገዢ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ባፋጣኝ እንዳልመለስ ደግሞ ኩራቴ ያዘኝ፤ ሳስበው ያሳፍረኛል። ግማሽ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ቆሜ ሁለተኛ ቡና ጠጣሁ። ወጣሁ፣ አንዱን ሕንፃ ዞርኩ። በመጨረሻ ፋሲካ ትዝ አለኝ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ገባሁ።

ቶርኖው ይሽከረከራል። የእትዬ ብረት መብራት ሥር በንጹሕ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች፤ አዲስ ብረት ተቆርጦ ቅርጽ መያዝ ጀምሯል። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና የራሱን ስልክ አውጥቶ ተናገረበት። ስልኩ በሴት ድምፅ፣ እንደ ዜና አንባቢ አስተካክሎ ተረጎመልኝ፦

«ምሳ በልተው ተመለሱ?»

ተደራድሬ እንደወጣሁ አልገባውም። ዕቃዬን ትቼለት ስለሄድኩ አምኜው የሄድኩ ነው የመሰለው። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም፤ የተመሰገንኩት ደግሞ ባልሠራሁት ሥራ ነው። «በልቻለሁ» አልኩ። ዋጋው? ካልኩሌተሩ ላይ ያለው ሆነ።

ሰውዬው ግን ብረቷን ብቻ አይቶ አልረካም። ማን ነው የሚሰፋባት? መኪናዋ ምን ትመስላለች? ስትሠራ ምን ዓይነት ድምፅ ታሰማለች? እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ድሬ ገና ጠዋት ነው። በቪዲዮ ደወልኩ። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዛላቸው የእትዬ ግማሽ ፊት መጣ።

«እትዬ፣ ሰውዬው መኪናዋን ማየት ይፈልጋል።»

«ማን? ኮሪያዊው? አሁን?»

«አሁን።»

«ዝጊው! አንቺ ልጅ፣ ዝጊው ይሄን ነገር! ሻሼን ልሰር!»

«መኪናዋን ነው እኮ፣ እትዬ...»

«መኪናዋ ብቻዋን አውላላ ላይ ትታያለች? ባለቤት የላትም?»

ከሩብ ሰዓት በኋላ እራሳቸው ደወሉ። የጥምቀት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የጆሮ ጌጣቸውን አድርገው። ሽማግሌው ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳና ለስልኬ ጎንበስ አለ። እሳቸውም ከዚያ ማዶ ጎንበስ ሲሉ ለትንሽ ጊዜ የምናየው የሻሻቸውን ቋጠሮ ብቻ ሆነ።

«ጨዋ ነው» አሉኝ። «ሚስት አለችው?»

«እትዬ!»

«ለመጠየቅ ነው። ያን ሁሉ ግራሶ የምታጥበዋን ሴት አስቤ አዘንኩላት።»

ሰውዬው ፔዳሉን እንዲረግጡ በእኔ በኩል ጠየቃቸው። መኪናዋ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለችና ደንቀፍ ብላ ቆመች። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ደግመው እንዲረግጡ አደረገ። ሦስተኛ ጊዜ። በጆሮው ነው የለካት። ብረቷ ብቻ ሳትሆን የምትቀመጥበትም ተበልቷል፤ ትንሽ ወፈር አድርጌ እሠራታለሁ አለ። ከዚያ ምን ያህል እንደሚያስቸኩል ጠየቀኝ። እኔም የልጅቷን ነገር፣ የፋሲካን ነገር ነገርኩት፦ መኪናዋ ከሰፋች ቤታቸው ይቆያሉ፤ ካልሰፋች ይሄዳሉ። ስልኩ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ። ሰውዬው ግን ፊቱ ያለውን የሌላ ሰው ሥራ በእጁ ወደ ጥግ ገፋ አደረገና የኛን መሐል ላይ አስቀመጠ። ቆይቶ ነው ለስልኩ አጭር ነገር የነገረው።

«ልጄም እንዲሁ ይለኛል።»

ሦስት ቀን ወሰደበት። ጠዋት ጠዋት ዚፕ እያየሁ፣ ቀትር ላይ እሱ ጋ እየሄድኩ በቀይ ፕላስቲክ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። እንቅልፌ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ደገፍ ብዬ እተኛለሁ፤ የቶርኖው ድምፅ ለእንቅልፍ ምቹ ነው። አንድ ቀን ስነቃ ጉልበቴ ላይ ካፖርቱን አገኘሁት። ምሳ አብረን በላን፤ የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ስነግረው ዓሣ አዘዘልኝ። አጠገቡ የመጣውን በበርበሬ የቀላ ጎመን ሲያሳየኝ እጁን አፉ ፊት አራግቦ ያቃጥላል አለኝ። ሰውዬው ሳምቡሳ በቢስባስ፣ በዚያ በሚፋጅ የቃሪያ ማባያ፣ በልቶ አያውቅም። ሳህኑን ጨርሼ ሌላ ስጠይቅ ከአጠገብ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠርቶ አሳያቸው፤ ተሰብስበው አዩኝ። እኔም ለራሴ ከቤት ይዤው የመጣሁትን ሐልዋ ወረቀቱን ፈትቼ አቀረብኩላቸው። ጣታቸው ላይ የተጣበቀውን ሲልሱ እንደ ልጅ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ብረቷን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ስፈታት ሁለት ናቸው። እኛ አገር ከገዛህ በኋላ ምርቃት ትጠይቃለህ፤ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ክንድ ጨርቅ። ሻጩ ያጉረመርማል፣ አንተ ትጎትታለህ፣ ይጨምርልሃል። ሳልጠይቅ የተመረቀልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሴትዮዋ ሩቅ ናቸው። ብትሰበርባቸው እኔ ጋ መምጣት አይችሉም።»

ስወጣ በር ድረስ ሸኘኝ። ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ሄድኩ። ከልማዴ ይሁን ከሌላ ነገር አላውቅም፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ዞርኩ። በሩ ላይ የለም። ቶርኖው ጀምሯል። ያ ገፋ ያደረገው የሌላ ሰው ሥራ አለበታ።

ፋሲካ ሲደርስ ልጅቷ መጣች። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ አጋጣሚ ነው ብል አታምኑኝም። እትዬ ፔዳሉን እየረገጡ ነው፤ አራት ሴቶች ድሪያቸውን ይጠብቃሉ።

«እማዬ፣ ሻንጣሽ የታለ?»

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ።»

«እማዬ!»

«የበዓል ሥራ ነው ልጄ። ሰው ቀጥሬ እንዴት ልሂድ? ሥራ አለብኝ።»

ልጅቷ መኪናዋን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ አመጣሁ።»

ሳምንት ቆይታ ብቻዋን ተመለሰች። ስትሄድ ሰማያዊ ድሪያ ለብሳ ነበር፤ የተሰፋላት እዚያው ነው።

ሁለተኛዋን ብረት ሱቄ ውስጥ፣ ከመርፌዎቹ በላይ ባለው መሳቢያ አስቀመጥኳት። ቁልፍና ክር የሚገዛ ሰው ሲበዛብኝ፣ ሰው ሲያሰለቸኝ፣ እከፍትና ወረቀቱን አሸተዋለሁ። የዘይቱ ሽታ ለረጅም ጊዜ ቆየ። አከራዬ አሁንም በስልክ ፎቶ ይልኩልኛል፤ የአበባ፣ የበረዶ፣ የድመታቸው። ባለፈው የላኩልኝ የዚያች መተላለፊያ ነው። በቆርቆሮ ታጥራለች፤ ቆርቆሮው ላይ ሊሠራ የታሰበው ረጅም ሕንፃ ተስሏል። ሽማግሌውስ? ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ወስዶታል አሉኝ። ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት።

ባለፈው ወር እትዬ አስጠሩኝ። የመጀመሪያዋ ብረት ተበልታለች። ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ፈትቼ እንዳያት ያደረገኝ የስፌቱ መዝለል ነው። ሱቄ ሄጄ መሳቢያዬን ከፍቼ ሁለተኛዋን አወጣሁ። ወረቀቱን ለራሴ አስቀረሁ።

በረንዳቸው ተመልሼ ገጠምኳት። ልክ ገባች፤ እንደ ቁልፍና ቀዳዳ።

«ሦስተኛ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም እትዬ።»

«ሰውዬውስ? ይሠራ የለ?»

ነጋዴ ነኝ፤ ውሸት አፌ ላይ ነበረ። «ልጁ ወስዶታል» አልኩ። «ሰፈሩ ፈርሷል።»

እትዬ የተቆረጠውን ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገቡ፣ አስተካከሉ፣ እግሩን አወረዱበት።

«ምነው፣ ሥራ አለብኝ አላለም?»

«የሚሠራበትን ወሰዱበት እኮ።»

«ያሳዝናል» አሉ። ዓይናቸው አሁን ይደክማል፤ ክሩን የሚያስገባላቸው መነጽር ብቻ አይደለም፣ ልምድም ነው። የክሩን ጫፍ ላስገባላቸው እጄን ስዘረጋ መቱኝ። ራሳቸው አስገቡ። «በል ሂድ፣ ከብርሃኔ ላይ ዞር በልልኝ።»

የበረንዳውን ደረጃ ወረድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ማንም አልጠራኝም። ከኋላዬ ፔዳሉ ጀምሯል።